የውሃ ቦርሳው ስንት ሊትር ይያዝ? ጉልበት ለሚያማቸው የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 54 ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የግራ ጉልበቴን ሐኪም በራጅ አይቶ ‹ካርቲሌጁ (የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን) እየሳሳ ነው፣ የጭንሽን ጡንቻ አጠንክሪ› አለኝ። ልጄ ከውጭ ሲመጣ ውሃ የሚሞላ ረጅም የስፖርት ቦርሳና ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ደምበል (በእጅ የሚነሳ የስፖርት ክብደት) አመጣልኝ፤ ውሃ ስለሆነ መገጣጠሚያ አይጎዳም ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጄሪካን በሞላበት ቤት ይኼ ምን ይሠራል› እያለ ይስቃል። እናቴን ለመጠየቅ በየ15 ቀኑ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ስንት ልሙላው? እንዴት ልሥራበት? ይዤው መንገድ መሄድስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ ልጅዎ ያለውን እናስተካክል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ቦርሳ ውስጥም ይሁን፣ ጄሪካን ውስጥም ይሁን፣ እንስራ ውስጥም ይሁን ያው አንድ ኪሎ ነው። 10 ሊትር የያዘ ቦርሳ አቅፈው ከወንበር ሲነሱ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና 10 ኪሎ ብረት ይዘው ቢነሱ ከሚያርፈው አያንስም። ለመገጣጠሚያ የሚቀለው ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንጂ ውሃ ዕቃ ውስጥ ሲገባ አይደለም። ዋና ገንዳ ውስጥ እስከ ወገብ ቢቆሙ እግርዎ የሚሸከመው የሰውነትዎን ግማሽ ገደማ ነው፤ እስከ ደረት ቢገቡ ሲሶ ገደማ። ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ልጅዎም ያምታታው እዚህ ላይ ነው። (ባሕር ዳር ስለሚመላለሱ «እንግዲያው ጣና አለልኝ» እንዳይሉ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ያለበት ነው፤ ተውሳኩ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውሃው ውስጥ ቆሞ መንቀሳቀስ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።)

ታዲያ ዕቃው ለእርስዎ የሚሆነው በምንድን ነው? አንደኛ፣ ክብደቱን እንደፈለጉ ይቆርጡታል። የብረት ደምበል ከ2 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ ይዘላል፤ ውሃ ግን በግማሽ ሃይላንድ፣ በሩብ ሊትር ይጨመራል። ለታመመ ጉልበት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያቆመው ሥራው ከብዶት ሳይሆን ጭማሪው በአንድ ጊዜ በዝቶበት ነውና። ሁለተኛ፣ ከእጅ ቢያመልጥ ብረት የሚያደርገውን አያደርግም። ሦስተኛው መናወጡ ነው፤ ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት ይህን ነው፤ እኔ ግን ለእርስዎ የማስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ከምንጭ ውሃ የተሸከመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሙሉ እንስራ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፣ የጎደለው ግን ወዲያና ወዲህ እየተንቦጫረቀ ተሸካሚውን ይጥለዋል። ውሃው የሚናወጠው በላዩ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። እስከ አፉ የሞላ ዕቃ አይናወጥም፤ ግማሽ አካባቢ የያዘው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ይናወጣል። ሲናወጥ የሆድ፣ የወገብና የዳሌ ጡንቻዎች ሚዛን ለመጠበቅ ሳያቋርጡ ይሠራሉ፤ ጥቅም አለው። ነገር ግን ሰው ሚዛኑን እየፈለገ ከባድ ነገር ማንሳት አይችልም፤ ስለዚህ የጭን ጡንቻ የሚያገኘው ጫና ይቀንሳል፣ ጉልበትም ሳይታሰብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሐኪምዎ ያዘዘልዎ የጭን ጡንቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ጸጥ ባለ ክብደት ይሥሩ፤ የሚናወጠው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በተግባር ይህ ማለት፦ መጀመሪያ ደምበሎቹን ይጠቀሙ፤ አየር ይዞ የሚናወጠው ረጅም ቦርሳ ይቆይ። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ። ደምበሉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ብዙ ጊዜ በአሸዋ ሲሞላ ያለው ነው። ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ «5 ኪሎ» የተባለው በውሃ ሲሞላ ከ3 ኪሎ ብዙም ላያልፍ ይችላል። ጽሑፉን ትተው ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ እየሰፈሩ ስንት እንደያዘ ይቁጠሩና በማርከር ጎኑ ላይ ይጻፉበት። የረጅሙን ቦርሳ ልክ ደግሞ በሜትር መለካት ይቻላል፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ ተነፍቶ ሲጠቀለል 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 በ10 በ80 በ3.14 ሲባዛ ወደ 25 ሊትር ይሆናል። ይህ የዕቃው ልክ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ለብዙ ወራት ከ8 ሊትር አያልፉ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ቦርሳውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስተኙ፤ ጠጠር ያለበት ሲሚንቶ ላይ አይጎትቱት። መጀመሪያ ሲሶውን ያህል በኳስ ፓምፕ አየር ይንፉበት፤ የተጣበቀው ውስጡ ይላቀቅና ውሃው መንገድ ያገኛል። የሃይላንድ አናት ቆርጠው ገልብጠው ቫልቩ (የመሙያ ቀዳዳው) ላይ ያድርጉ፤ በዚያ በኩል ውሃውን እየሰፈሩ ያፍስሱ። የቧንቧ ጎማ በቀጥታ መሰካትም ይቻላል፤ ግን ያኔ ስንት እንደገባ አያውቁም፤ ውሃው በግፊት ሲመጣም ስፌቱን ይወጥረዋል። ውሃው ከገባ በኋላ መናወጡ እንዲቀንስ ከፈለጉ ቫልቩን ወደ ላይ አድርገው ቦርሳውን እየጨመቁ አየሩን ያስወጡ፤ ቦርሳው ልል ብሎ ሰውነት ላይ ይተኛል። እንዲናወጥ ሲፈልጉ አየር ይጨመራል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት፤ እንደ ብስክሌት ጎማ ድርቅ ካለ አልፏል። ቡሹን (የቫልቩን መዝጊያ) ሲዘጉ ጥርሱ ላይ አሸዋ አለመኖሩን በጣት ይዳስሱ።

የውሃ ቦርሳ የሚበላሸው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከቡሹ፣ ከእጀታው ሥርና ከጎን ስፌቱ። ማታ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አሳድረው ጠዋት ይዩት። እርጥበት ካለ የሳሙና አረፋ ይቀቡትና ትንሽ አየር ነፍተው ይጫኑት፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቡሹ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲኩ ተጣሞ ወይም ቆሽሾ ነው፤ አጥቦ መመለስ ይበቃል። ጎኑ ከተቀደደ ግን ወደ ጎሚስታ መውሰድ አያዋጣም። የጎሚስታ ማስቲሽ ለካሜራዳሪ ላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቦርሳው ፕላስቲክ ነው፣ ማጣበቂያው አይይዘውም፤ ቀን ይውላል፣ ማታ ይለቃል። የሚይዘው ለፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራ ማጣበቂያ ነው፤ ቀዳዳውን በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ የዚያው ዓይነት ቁራጭ ተለጥፎ፣ ሸክም ተጭኖበት 24 ሰዓት ይቆያል። በጋለ ቢላ ወይም በካውያ ማቅለጥ ዳሩን ያሳሳውና ከአጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።

ውሃው ውስጥ እንዳይበሰብስ ለ10 ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይጨምሩ፤ በየአራት ሳምንቱ ይቀይሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መድፋት ስለሚቆጭ፣ የወጣው ለመጸዳጃ ቤት ይሁን፤ ለመጠጥና ለምግብ ግን በፍጹም። ቦርሳውን ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ በተቃራኒው ያጠነክረዋል፤ ጠዋት ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥተው ወዲያው አያጣጥፉት፣ ቤት ውስጥ ሙቀት ይግባበት።

አሁን ወደ ሥራው። ቀኖቹን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያድርጓቸው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ እግር ማሠራት ያዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ጡንቻ ማጠንከሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይላል፤ አንዱ ቀን ቢያመልጥዎ እንኳ ከልኩ አልወረዱም ማለት ነው።

ዋናው እንቅስቃሴ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። ሌላ ምንም ባይሠሩ ይህን ብቻ ይሥሩ። መቀመጫው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ። ዱካ ወይም ዝቅ ያለ በርጩማ አይሆንም፤ ጉልበት ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር የጉልበት ሎሚው በጭን አጥንት ላይ የሚጫነው ኃይል ይጨምራልና። 45ቱም ካመመዎ ብርድ ልብስ አጥፈው ይደልድሉበትና ወደ 52 ያድርሱት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ እግርዎን በዳሌዎ ስፋት ይክፈቱ፣ ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪሆን ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ትንፋሽ እያወጡ በሁለት ቁጥር ይነሱ፣ በአራት ቁጥር ቀስ ብለው ይቀመጡ። መጨረሻ ላይ ዘፍ ብሎ መውደቅ የለም፤ ጡንቻውን የሚሠራው ይህ ቀስ ያለው መውረድ ነው። ሲነሱ ጉልበቶችዎ እርስ በርስ ከተሳሳቡ ክብደቱ በዝቷል ወይም ወንበሩ አንሷል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ እጅዎን፣ 8 ጊዜ በ3 ዙር፤ በዙሮቹ መካከል አንድ ደቂቃ ተኩል ይረፉ። በሁለተኛው ሳምንት 2 ሊትር የያዘ አንድ ደምበል በሁለት እጅዎ ደረትዎ ላይ ያቅፉ። 12 ጊዜ በ3 ዙር በሁለት ተከታታይ የስፖርት ቀን ሳይዛነፍ ሲሠሩ አንድ ሊትር ይጨምሩና ወደ 8 ይመለሱ። በዚህ አካሄድ በስድስተኛው ሳምንት 4 ወይም 5 ሊትር ላይ ይደርሳሉ፤ 3 ላይ ቢቆሙም ምንም አይደለም። ደምበሉ ከሞላ በኋላ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ከልኩ በታች ሲሆን ይንቦጫረቃል፤ ካስቸገረዎ እስከ አፉ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለጊዜው ይሻላል።

ሁለተኛው እግር መዘርጋት ነው። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልተው ረጅም ካልሲ ውስጥ ይክተቱና መካከሉን ቋጥረው፣ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ እንዳይሆን በግራና በቀኝ አድርገው፣ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይሰሩት። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ ያድርጉ፣ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። 10 ጊዜ በየእግሩ፣ 2 ዙር። ሎሚው ሥር ከወጋዎ ግማሹን መንገድ ብቻ ይሥሩ፤ ወይም ጠርሙሶቹን ያውጡና ባዶውን።

ሦስተኛው ከዳሌ ማጎንበስ ነው። 4 ሊትር የያዘውንና አየሩ የወጣለትን ቦርሳ እንደ ሕፃን ደረትዎ ላይ አቅፈው፣ ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሱ ከዳሌዎ ጎንበስ ይበሉ፤ ጀርባ ቀጥ፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ እጥፍ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ። 10 ጊዜ በ2 ዙር። ይህ የዳሌና የጭን ጀርባ ጡንቻ ነው፤ ዳገት ሲወጡ ጉልበቱን የሚያግዘው እሱ ነው። ከዚህ በተረፈ ግድግዳ ይዘው በእግር ጣት መነሳት (15 ጊዜ በ2 ዙር) እና ጠረጴዛ ተደግፈው ደምበሉን ወደ ወገብዎ መሳብ (10 ጊዜ በየእጁ) ይበቃዎታል። ደምበል ከራስ በላይ ማንሳት ለጉልበት ምንም አይጨምርም፤ ይተዉት።

የሚናወጠው ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ይግባ። ቦርሳው ላይ 5 ሊትር ውሃ አድርገው ቀሪውን በአየር ይሙሉት፤ በሁለት እጅዎ ደረትዎ ላይ አቅፈው ምንጣፍ በሌለበት ወለል 20 እርምጃ ይሂዱ፣ ይመለሱ። መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ቆም እያሉ ይሂዱ። ውሃው ጥሎዎት ከተንገዳገዱ ውሃውን አይቀንሱ፣ አየሩን ይቀንሱ። ክብደቱ ያው ሆኖ መናወጡ ይበርዳል።

ሕመሙን እንዲህ ይለኩት። ሕመም ከ0 እስከ 10 ቢቆጠር፣ እስከ 3 የሚደርስ ሲሠሩ ቢሰማና በማግስቱ ጠዋት እንደ ቀድሞው ከሆነ ይቀጥሉ። ማግስቱን ካበጠ ወይም ደረጃ መውረድ ከትናንት ከከበደዎ፣ የሚቀጥለውን የስፖርት ቀን ሊትሩን በግማሽ ቀንሰው ይሥሩ እንጂ አያቁሙ። ጉልበቱ ግሎ ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ተቆልፎ አልዘረጋም ካለ፣ ወይም ባት ላይ ድንገተኛ እብጠትና ሕመም ከመጣ የስፖርት ጉዳይ አይደለም፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደም ግፊትዎን ሳይለኩ አይጀምሩ፤ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እስኪወርድ ይቆዩ። ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት ግፊቱን በቅጽበት ያስወጣዋል፤ ለዚህ ነው ሲነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ የምለው፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልም።

በዐቢይ ጾም ቀን መምረጥ የለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ የሚጾሙ ከሆነ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሥሩ፤ ክብደቱን ባለበት ይያዙ፣ አይጨምሩ። ለጡንቻ የሚሆነው ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከአተር ይገኛል። ስግደት ግን ይቆጠራል። ተንበርክኮ መውደቅና መነሳት ለጉልበት ከማንኛውም ቦርሳ የከበደ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚሰግዱ ከሆነ የዚያን ሳምንት የእግር ሥራ ሙሉ በሙሉ ይተዉ፤ ጉልበትዎ እንደታመመም ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ ቆሞ ማጎንበስን ሊፈቅዱልዎ ይችላሉ።

ባሕር ዳር ሲሄዱ ውሃውን ደፍተው፣ አየሩን አውጥተው፣ ቫልቩን ከፍተው ጠቅልለው ይያዙት። ቫልቩ ለምን ይከፈት? ዓባይ በረሃን በመኪና የወረደ ሰው ደጀን ላይ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተጨማዶ ያየዋል፤ ወደ ታች ሲወረድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ነው። የእርስዎ መንገድ ተቃራኒው ሲመለሱ ይገጥምዎታል። ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ እዚያ ድርቅ ብሎ የተነፋ ቦርሳ ቤትዎ ሲደርስ አየሩ ከአሥር አንድ እጅ በማያህል መጠን ይሰፋል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ከመታው ደግሞ ይብሳል። ስፌት የሚለቀው እንዲህ ነው። ደምበሎቹን እንኳ ባይይዙ ባሕር ዳር ሃይላንድ አይጠፋም።

ባለቤትዎ የሚሉት ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ከደምበሉ የተሻለ እጀታ አለው፤ ለመሳቢያውና ለመሸከሚያው እሱን ይጠቀሙ። ክዳኑ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቤት ሁሉ የሚያውቀውን ያድርጉ፤ የፌስታል ቁራጭ አፉ ላይ አልብሰው ክዳኑን በላዩ ያጥብቁ። እጀታው መዳፍ የሚቆርጥ ከሆነ ጨርቅ ይጠቅልሉበት። ሃያ ሊትሩ ግን ሌላ ነው፦ ከነዕቃው 21 ኪሎ ነው፣ እጀታው አንድ ነው፣ ጠርዙ ደረት ላይ አያስታቅፍም፣ ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ አንድ ጎን ይጎትታል። ቦርሳው ከጄሪካን የሚበልጠው በዚህ ብቻ ነው፤ ሰውነት ላይ ይተኛል። ሌላው የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይለኩ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ ባዶ እጅ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሱ ስልክ ሰዓት ይዞ ሰው ይቁጠርልዎ። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ይድገሙት። ከቁጥሩ ጎን የወንበሩን ቁመት ይጻፉ፤ ወንበር ከቀየሩ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም።